ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር

ሚስቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። እሱ በአዳራሹ መድረክ ላይ ሲዘፍን፣ እሷ ከሥራዋ በቀጥታ መጥታ ከበሩ አጠገብ ባለችው የመጨረሻ ወንበር ትቀመጣለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ ሁልጊዜ ትረሳለች። ዘፈኑ ሲሰምር ሜትሩ እንደተንጠለጠለ ይቆያል፤ እሱ ሲስት ግን ቀስ አድርጋ ጣቷ ላይ ትጠቀልለዋለች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ የሚያየው ያችን ጣት ነበር።

ቤት ሲገቡ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ልብህ ሌላ ቦታ ነበር» ትለዋለች። ያኮርፋል። እራቱን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞርበት ቀንም ነበር። በማግስቱ ግን ፊቱን እየታጠበ፣ ያችኑ ስንኝ እያንጎራጎረ ያቃናታል።

አሁን የሚያኮርፍበት ሰው የለውም። ጭብጨባው ግን በዝቷል። የባንዱ ሰዎች እርጅና እርስዎን አይቶ መንገድ ቀየረ እያሉ ይቀልዳሉ፤ እሱም ፈገግ ብሎ ወደዚያች ባዶ ወንበር ያያል።

አንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ከግድግዳው አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና በጉብዝናው ለእሷ የገጠመውን ዘፈን ጀመረ፦

ስምሽን ብጠራው ቆሜ ከወንዝ ማዶ፣
የራሴው ድምፅ መጣ አንቺን መስሎ ወርዶ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ደገመው። እንደገና ተሰነጠቀ። ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሹ ያለ ችግር የዘለቀው ስንኝ ነበር። ታዲያ ያን ቀን የዘፈነው ማን ነው?

በማግስቱ ለልምምድ ቀድሞ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው አሥራ አምስት ዓመት አብሮት የሠራው ኪቦርድ ተጫዋች ብቻ ነው። የሆነውን ሲነግረው፣ ሰውየው ያረጀው ጊታሩ ነው ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። አልሳቀለትም።

«እውነቱን ንገረኝ።»

ተጫዋቹ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

«እትዬ ካረፉ ወዲህ፣ ድምፅዎ እንዲደርስበት የዘፈኑን ቃና ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርገነዋል፣ ጋሼ። እንዳይታወቅዎት ትንሽ በትንሽ። ስንጥቁን እንዲሸፍን የማይክራፎኑን ኤኮም ጨመርን። በሐዘንዎ ላይ ሌላ እንዳንጨምርብዎት ብለን ነው።»

ሄዶ የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ በድምፁ ሳይሆን በሰው ርኅራኄ ሲዘፍን ኖሯል። ፊቱ ጋለ። ኮቱን አንስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ይህ ቁጣ ድሮ የሚያውቀው ቁጣ ነበር።

«እስከ ነገ አኮርፍሃለሁ» አለው። «ነገ እመጣለሁ።»

መጣም። ዝቅ ያለው ይቆይ፣ ዕድሜዬ ነው አለ፤ ኤኮው ግን ይጥፋ። ከኪሱ የእሷን ሜትር አውጥቶ፣ ስሳሳት ጣትህ ላይ ጠቅልለው ብሎ ዘረጋለት።

«ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ጋሼ። ሥራ የሚፈታው አፌ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ክፈተው» ብሎ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቅዳሜ ያለ ኤኮ ዘፈነ። ድምፁ ደረቅና ብቸኛ ሆኖ ወጣ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ግን በራሱ እግር ተሻገረው። ጭብጨባው ከሌላው ቀን ቀነሰ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣

«መጨረሻው ላይ ቸኮሉ» አለው።

ኮቱን አንስቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ጫማውን አወለቀ፤ ሜትሩን እሷ እራት ላይ ትቀመጥበት ከነበረው ባዶ ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው። እራቱን ገፋ አድርጎ ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ የመጨረሻዋን ስንኝ፣ ሳይቸኩል፣ ለወንበሯ ጀመረላት።