ከጊች የመጣው መስታወት

ሥራዬን አሳምሬ በመሥራቴ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ቀን አለ።

ደባርቅ ውስጥ የባጃጅና የሚኒባስ መስታወት ላይ ስቲከር እለጥፋለሁ። ከዓመታት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ከተራራው ላይ ከጊች መንደር አንድ ገበሬ በጋቢ የተጠቀለለ የግድግዳ መስታወት ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ይህን በዚያ ውኃ በሚመስለው ላስቲክህ ሸፍንልኝ» አሉኝና ገብሳቸውን ሊሸጡ ሄዱ።

መስታወቱ ጥጉ ላይ ስለተሰነጠቀ እንዳይረግፍባቸው ብለው መሰለኝ። መሃሉ ላይ በዓይን ኩል የተሞነጫጨረ፣ የደበዘዘ ነገር ነበር። ስቲከር ቆሻሻ ላይ አይይዝምና በአልኮል ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት። ከዚያ ግልጹን ስቲከር ከላይ ወደ ታች በቀስታ እየዳመጥሁ፣ አንድም አረፋ ሳይቀርበት ለጠፍሁት።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ጽሕፈቱስ?»

«የቱ ጽሕፈት፣ አባቴ?»

«ልጄ ዓረብ አገር የሄደችው ሳትሰናበተኝ ነው። በሄደች ጠዋት እዚህ ላይ ጽፋ አገኘሁ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ሳታውቅ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የልጄን ቃል ለጎረቤት ማስነበቡን ደግሞ አፈርሁ። ዛሬ አንተን ላስነብብ ነበር።» ጠጋ አሉኝ። «ለመሆኑ ምን ይል ነበር?»

ሳላነበው ነበር የጠረግሁት።