የእትዬ የሺን ሚጥሚጣ ማን በላው

ዛሬ ጠዋት የከሰል ምድጃዬን ላቀጣጥል ብዬ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን የተጠቀለለ ጋዜጣ ባዶ መስሎኝ እሳት ውስጥ ከተትኩት፤ ለካ ምራቴ ትናንት ከገበያ ያመጣችው ሚጥሚጣ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ምራቴ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ውጭ ሮጠች፣ የጎረቤት ፍየሎች አስነጠሱ፣ በራችን ላይ የቆመው የቦዳቦዳ ሞተር ነጂም አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ «ባባ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ እንዴ?» አለኝ። «እኔ ነኝ የተኮስኩት» አልኩት እየሳልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እሳት ማንደድ እንደማልችል ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ያ ሽታ ግን ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ የአባቴን ታላቅ እህት፣ እስካሁን ቂሟ ያልወጣልኝን እትዬ የሺን ይዞብኝ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ሞያሌ፣ ከድንበሩ በኬንያ በኩል፣ በእሷ ቤት ነበር። አባቴ በጭነት መኪና ናይሮቢ ሲመላለስ፣ እናቴ የሰው ቤት ነው ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትኖር ነበር። በበጋ እትዬ የሺ ዛላ በርበሬ ደጃፍ ላይ አስጥታ፣ በዱላ ዶሮ እያባረረች ታስተምረኝ ነበር፦ ቃሪያ ገና ልጅ ነው፣ ይጮሃል እንጂ አይጎዳም፤ በርበሬ ቤት የሚያቆም አባወራ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሚጥሚጣ ግን አማት ናት፣ ትንሽ ናት ብለህ እንዳትደፍራት። እዚህ ሆሆ የሚሉትን ድቡልቡል ቃሪያ ስታይ ደግሞ «ይሄ ሆዱን እንጂ ወኔውን ያላሳደገ ነው» ብላ ወደ እኔ ትመለከት ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ያኔም ሆዴ ይቀድመኝ ነበር።

ዝናብ ሲጥል ከትውልድ አገሯ ባመጣችው ዘር በአሮጌ ጣሳዎች ሚጥሚጣ ታበቅል ነበር። ከማዶ የሚሻገሩ ሾፌሮች ለጥሬ ሥጋቸው የሚፈልጉት የእሷን ብቻ ስለነበር፣ ዘሩን እንኳን ለጎረቤት ለእናቴም አትሰጥም ነበር። አንድ ክረምት ፍሬው በቀላ ቁጥር ይጠፋ ጀመር። እትዬ የሺም ሌላ ሳትጠረጥር፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ ከአምና የተረፈቻትን ሚጥሚጣ አንድ ሳታስቀር ፍም ላይ በትና፣ «ለዚህ ወፍራም በርበሬ አይበቃውም» እያለች ብርድ ልብስ አልብሳ አጠነችኝ። የደረሱልኝ ጩኸቴን የሰሙት ቦረናዋ ጎረቤታችን አዮ ቱሜ ነበሩ። «እኛ የምናጥነው የወተት ዕቃ ነው፤ እናንተ ልጅ ታጥናላችሁ?» ብለው ብርድ ልብሱን ገፈው ጣሉት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ከጭሱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን እሷም ሌባ ነው ብላ ታምን ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው።

ዓይኔ አብጦ ግድግዳ ተደግፌ በተቀመጥኩበት ሌባውን አየሁት፤ ራሷ ጥቁር የሆነ አንዲት ወፍ ጣሳው ላይ አርፋ፣ ቀዩን ፍሬ ዓይኗን ሳታርገበግብ ዋጠችው። እትዬ የሺን ጠርቼ እስክትመጣ በረረች። «ወፍ ሚጥሚጣ ትበላለች? ምነው፣ እንጀራውንስ ማን አቀረበላት?» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ዕለት ልበቀላት ማልኩ። ከዚያ በኋላ የምሳዬን ፍርፋሪ በጣሳዎቹ ዙሪያ እበትን፣ በቆርቆሮ ክዳንም ውሃ አስቀምጥ ነበር፤ ምግብ ከአፌ ቀንሼ ለሌላ የሰጠሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወፏም ዘመድ አዝማዷን ይዛ መጣች።

አንድ ማለዳ እትዬ የሺ ውሃ ልታጠጣ ወጥታ፣ መንጋው የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ሲለቅም አይታ ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ ሆኜ «እትዬ፣ እንጀራ ላቅርብላቸው?» አልኳት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ በጆሮዬ ሰማሁ። እትዬ የሺ ወፎቹን አየች፣ ፍርፋሪውን አየች፣ እኔን አየች። «ማን ጠራቸው?» አለች። ልታጥነኝ ብትሮጥም ያላትን ሚጥሚጣ ሁሉ በፊት በእኔ ላይ ጨርሳው ነበር።

የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ወፎቹ የዋጡትን ዘር በየደረሱበት ጥለውት ኖሮ፣ በአዮ ቱሜ አጥር ሥር፣ በመስጊዱ ግንብ ጥግ፣ በጭነት መኪናዎቹ መቆሚያ ሁሉ ሚጥሚጣ በቀለ። ጎረቤቶች እየመጡ «እትዬ የሺ፣ ዘርሽ ደረሰን፣ እግዜር ይስጥልን» ሲሏት «አሜን» ከማለት በቀር ምን ትበል? እያንዳንዷ አሜን ለእኔ እንደ ማር ነበረች። «ሌባው አንተ አይደለህም» የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

አርጅታ አልጋ ስትይዝ ሐኪም የሚያቃጥል ሁሉ ከለከላት። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ «ይሄ አልጫ ሳይገድለኝ አንዲት ቁንጥር ሚጥሚጣ አምጣልኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ ሌባዋ ወፏ ናት በይ» አልኳት። ጥርስ በሌለው አፏ ስቃ «ማን ጠራት?» አለችኝ። ነገ ትለዋለች ብዬ ወጣሁ፤ እሷ ግን ነገን አልጠበቀችም።

ያኔ ሚጥሚጣ የአንዲት ሴት ነበር፤ ዛሬ ሱቅ ሁሉ በላስቲክ ቋጥሮ ይሸጠዋል፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውንም ማን እንዳመጣው የሚጠይቅ የለም። ልጅ የሚያጥንም አላይም፤ ቤት ሙሉ ሰው ያጠንኩት እኔ ነኝ። የነፈገችኝን ቃል ትቼላታለሁ ብል እዋሻለሁ። የዚያች ቁንጥር ዕዳ ግን አለብኝ።