ሻኛ የሌላት ላም

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ግራፊክ ዲዛይን ልትማር ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ካለችው ትንሽ ማተሚያ ቤቴ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ትምህርት ሳይጀመር የትኛውን ሶፍትዌር ልልመድ?» አለችኝ።

ሶፍትዌሩን እዚያው ያስተምሯታል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ነገርኳት።

ከተመረቅሁ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። አንድ የእንስሳት ሐኪም አምበር ከተማ ላይ ለሚሰጥ የአባ ሰንጋ ክትባት ፖስተር አሠራኝ። ከኢንተርኔት አንዲት የምታምር ላም አወረድሁ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቆዳዋ የሚያብለጨልጭ። ቀኑንና ቦታውን ከሥሯ በቀጭን ፊደል ጻፍሁ። ታትሞ ሲወጣ ፎቶ አንስቼ ለክፍል ጓደኞቼ ላክሁ፤ ሁሉም አደነቁልኝ።

ክትባቱ በተጀመረ ማግስት ሐኪሙ ደወለ።

«ሰው አልመጣም» አለኝ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ የከተብናቸው ጥቂት የከተማ የወተት ላሞች ብቻ ናቸው።» አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶታል።

በገበያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ አምበር ወረድሁ። ፖስተሬ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን እየሳቡ መጡና ቆመው አዩት፣ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሮጬ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

«የፈረንጅ ላም ያለው ያስከትብ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

«የእርስዎ በሬስ?»

«የእኔማ ያገር ከብት ነው። ሻኛውን አታዪም? ያችኛዪቱ ሻኛም የላት!»

«ጽሑፉንስ አላነበቡትም?»

«ዓይኔ ደክሟል፤ ከላይ ክትባት የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት። የሥሩ ፊደልም እንደ ሰንበሌጥ ቀጥኗል።»

በራሴ አፈርሁ። ይጁቤ ገጠር ተወልጄ፣ እንዲህ ካሉ በሬዎች ጋር በአንድ ግቢ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስማር ከርሜ ግን ቆንጆ ከብት ሲባል ሻኛ የሌላት ላም ትታየኝ ጀምራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለእህቴ ልጅ፣ «ሥራሽን ለጓደኞችሽ ከማሳየትሽ በፊት ለሚጠቀምበት ሰው አሳዪው» አልኋት። «ካልገባው ደግሞ ለማስረዳት አትቸኩዪ። ዝም ብለሽ ስሚው።»

ሽማግሌውን፣ «በሬዎን ፎቶ ላንሳ?» ብዬ ለመንኋቸው።

«ቆይ፣ ጭቃውን ልጥረግለት» አሉና በእፍኝ ሣር ጎኑን አሹት።

እዚያው ስልኬ ላይ በበሬው ፎቶ አዲስ ንድፍ ሠራሁ። ፊደሉን አወፈርሁት፤ «ያገር ከብትም ይከተባል» የሚል ጨመርሁበት። ነጭ ሽንኩርት ለምትሸጥ አንዲት ሴት ባሳያት፣ «ቀኑ የታለ? እኔ የምፈልገው እሱን ነው» አለችኝ። ቀኑን ከላይ አወጣሁት።

ሐኪሙ ክትባቱን በአንድ ሳምንት አራዘመው። አዲሱ ፖስተር በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ስሄድ የከብቱ ሰልፍ እስከ ወንዙ መውረጃ ደርሷል። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ ከሩቅ እጁን አውለበለበልኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሰው ተሰብስቦ፣ «ይኸ የጎረቤታችን በሬ አይደል እንዴ!» እያለ ይስቃል። ባለቤቱ ሽማግሌም ከመሀል ቆመው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

«ለቤቴም አንድ ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ።

ሁለት ሰጠኋቸው።