ጆሮ ደፍኖ ማንበብ

ልጄ በአራት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች ብዬ ያልነገርኩት የፒያሳ ሰው የለም። የምሠራው ኬክ ቤት ነው፤ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶ ላዘዘኝ ሁሉ ማኪያቶውን ከነዜናው አቀርባለሁ። «ከሀ እስከ ፐ እኮ ነው! አንዲት ሳትስት!» እላለሁ። ደንበኛው «ታድለሽ» ብሎ ስኳሩን ሲያማስል እኔ ወደሚቀጥለው ዞሬ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

ሊቅ ያደረጓት አባቴ ናቸው። ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው ቤታችን የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ መዘው፣ የልጅ ልጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያስቆጥሯታል። እሳቸውም የኔታ ዘንድ የተማሩት እንደዚያ ነው። ጭራሮዋ ገበታው ላይ ስትሄድ ልጄ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እየወዘወዘች «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!» ትላለች። ግቢው በሙሉ ይሰማል። ከወሎ የመጡት የጎረቤቶቻችን ልጅ፣ እኩያዋ፣ በሩ ላይ ቆማ ትቀበላታለች። ሁለቱ ከተለያየ እናት የተወለዱ መንታ ናቸው በሏቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ኬጂም አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ታዲያ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ፣ በዚያው በሽንኩርት እጄ ገበታው ላይ «መ»ን ነካሁና «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሽ ሳበች። «ሀ ሁ ሂ...» ብላ ከመጀመሪያው ተነሳች። ለን አለፈች፣ ሐን አለፈች፣ መ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከፍታ «መ!» አለች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

ቀጥዬ «በግ» ብዬ ጻፍኩላት። በ ላይ እስክትደርስ ሽንኩርቴን ልጬ ጨረስኩ። ለ«ግ» ደግሞ እንደገና ከሀ ተነሳች። ያ በግ በሕይወት ያለ ቢሆን ኖሮ እሷ ግ ጋ እስክትደርስ ታርዶ፣ ተጠብሶ፣ ቆዳው ተሸጦ ነበር። ልጄ ለካ ፊደል አታውቅም፤ የምታውቀው ዘፈን ነው። ስንቱን ማኪያቶ ጠጪ እንዳሰለቸሁ ትዝ ሲለኝ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ልቅሶውን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ለአባቴ ነገርኳቸው። ምንም አልደነገጡም። «እኛም እንዲሁ ነው የጀመርነው» አሉኝ። «ከዚያ የኔታ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያስነብቡናል። እኛ እኮ ገና እዚያ አልደረስንም!» በማግስቱ ከኋላ ጀመሩላት። ልጄ ሳምንት ሳይሞላት «ሆ ህ ሄ ሃ ሂ ሁ ሀ» የሚል ሁለተኛ ዘፈን አወጣች፤ ዜማውም ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምራል። ጎረቤቷም ተቀበለች። አባቴ ሳይታወቃቸው በጭራሮዋ ምት ይመቱላቸው ጀመር። ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ፤ ንባብ ግን የለም።

ሂሳቡንስ ብትሉ! ቆሎ እያስቆጠርኩ ላስተምራት ሞከርኩ። «ይኸው አምስት ፍሬ። ሁለት ብጨምርልሽ?» እላትና ሁለቱን ፍሬ ከሳህኑ አንስቼ ቀና ስል አምስቱ የሉም። «ስንት ሆነ?» ስላት «አለቀ» ትላለች። ብደምርም ብቀንስም መልሷ «አለቀ» ነው። ደግሞ እውነቷን ነው፣ ምን ብዬ ልቆጣት? በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። ፊደል ስትጽፍ እግር ያለውን ሁሉ ጫማ ታለብሰዋለች፤ ለ ሁለት ጫማ፣ ጠ ሦስት ጫማ። «ለ እና ጠ ቤታችን ቢገቡ በር ላይ ስንት ጫማ ይወልቃል?» አልኳት። ጣቷን ቆጥራ «አምስት!» አለች፤ ቆይታ ደግሞ «አንዱ ግን ጥንድ የለውም፣ ያሳዝናል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ጫማ አይበላምና ሂሳቡ በዚህ ተፈታ።

ንባቡ ሳይፈታ የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ። አስተማሪያቸው ጠርታኝ «ልጅሽ ድምጿ ግሩም ነው» ስትለኝ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፉት ከከረጢት የወጣላቸውን ካርዶች የሚያነቡ ብቻ ናቸው። ያልቻሉ ከትንንሾቹ ጋር ይደግማሉ። ይህን ለልጄ በለሰለሰ አማርኛ ነገርኳት። የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አልነበረም።

«እሷስ?» አለችኝ። ጎረቤቷን ማለቷ ነው።

«እሷም ካነበበች ታልፋለች።»

«አንዳችን ብቻ ብናልፍስ?»

ያን ዕለት ቆሎ እንኳ አልበላችም፤ ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

ከአራት ኪሎ፣ ከትምህርት ቤታቸው፣ ሁለቱንም ይዤ በእግር የምመለሰው እኔ ነኝ፤ የጓደኛዋ እናት ሱቋን በዚያ ሰዓት አትዘጋም። ፒያሳ ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ታክሲዎቹ የሚሄዱበት ሰፈር የተጻፈበትን ታፔላ አሳየኋት። «በይ ያንን አንብቢልኝ።» ረዳቱ «ቦሌ ቦሌ ቦሌ!» ይላል፤ ልጄም ወደ ታፔላው ዞር ሳትል «ቦሌ!» ትላለች። ደሜ ፈላ። የሚቀጥለው ታክሲ ሲመጣ ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ደፈንኩት።

«አሁን አንብቢ!»

«ሀ ሁ...» ብላ ልትነሳ ስትል የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ በርሜል ውስጥ እንደገባ ሰው ሲጮህባት ደነገጠች። ዘፈኑ ተበጠሰ። ሳትወድ በግድ ዓይኗን ወደ ታፔላው አነሳች። «ሜ...» አለች። «ክ... ሲ... ኮ።» እጄን ለቀቅ ሳደርግ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ነው። ልጄ ረዳቱ የሰረቃት መሰላት። «እኔ ነኝ ቀድሜ ያልኩት!» ብላ ጮኸችበት።

ጎረቤቷ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እኔስ?» አለች። ያለኝ ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ተራ ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ታክሲ ተራው መማሪያ ክፍላችን ሆነ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ጠጋ አሉኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጆሮዋን ነው? ጤና አዳም ጨምቀሽ ጠብ አድርጊላት እንጂ እንዲህ ይደፈናል?»

«አይ እማማ፣ እያነበበች ነው።»

«በጆሮዋ?»

በማግስቱ ጤና አዳም ይዘው ጠበቁን፤ ለሁለቱም።

እያነበቡ ነበር፤ ግን እጄን ያነሳሁ እንደሆነ ሁለቱም ወደ ረዳቱ አፍ ይመለሳሉ። በፈተናው ቀን ጆሯቸውን ማን ሊደፍንላቸው ነው?

ቀኑ ደረሰ። ጎረቤቷ ከእናቷ ጋር ማልዳ ሄዳለች፤ እኛ ልጄ ካልሲ ስትመርጥ አረፈድን። ታክሲ ተራ እየሮጥን ስንደርስ አንዱ ረዳት «አራት ኪሎ! ሁለት ሰው! አራት ኪሎ!» ይላል። ተመስገን ብዬ አንድ እግሬን አስገባሁ። ልጄ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ተገተረች።

«እማዬ፣ አይደለም! ይሄ መርካቶ ነው!»

«ግቢ ሚጣ፣ አራት ኪሎ ነው» አላት ረዳቱ።

«መ... ር... ካ... ቶ! ተጽፏል! መርካቶ ነው የሚለው!»

ታክሲው ለካ ከተፈቀደለት መስመር ውጭ፣ ያለ ታፔላው ነው የሚጭነው። ረዳቱ በሹክሹክታ «ማዘር፣ በናትሽ አፏን ያዢልኝ» አለኝ። የሰው ጆሮ ስይዝ ከርሜ አሁን ደግሞ አፍ! የልጄን ድምፅ ግን ግቢያችን በሙሉ ያውቀዋል፤ ትራፊክ ፖሊሱም ሰማው። መጣ፣ ቀና ብሎ ታፔላውን አየ፣ ሹፌሩን አስወረደው። ተሳፋሪውም አብሮ ወረደ። አንዱ «ነቄ ናት ልጅቷ!» ብሎ ሳቀ። ሌላዋ «አስተምረሽ አስተምረሽ በእግር አስኬድሽን» ብላ አጉረመረመችብኝ።

እኔ ግን ማንንም አልሰማ። ጆሮዋን የደፈነ የለም! ሰው ሁሉ አራት ኪሎ እያለ ዓይኗን አመነች! አስፋልቱ ዳር አቅፌ አሽከረከርኳት፤ ከዚያ ሰዓቱ ትዝ ሲለኝ እጇን ይዤ በእሪ በከንቱ ሰፈር በኩል እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሁለታችንም እየሮጥን እንስቃለን፤ ያየን ሰው ሎተሪ የወጣልን ሳይመስለው አልቀረም።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ወላጆች ከኋላ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ካርድ ይዛ የቆመችው ጎረቤቷ ናት። ካርዱ ላይ «ዳቦ» ይላል። ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ትንንሾቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ!» እያሉ ጣራውን ያነሱታል። እሷም ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከነሱ ጋር ትሄዳለች፤ ዳ እስኪደርሱላት እየጠበቀች። እነሱ ደግሞ በ ላይ ሲደርሱ ይሳሳቱና መምህራቸው ከሀ ትመልሳቸዋለች። አስተማሪዋ ትጠብቃለች። የልጅቷ እናት ሻርፗን ጨምድዳ ይዛለች።

ልጄ እጄን ለቀቀች። ተራዋ አልነበረም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከጓደኛዋ ጀርባ ቆመችና፣ በጣቷ ጫፍ ተንጠራርታ፣ በሁለት ትንንሽ እጆቿ ጆሮዋን ግጥም አድርጋ ደፈነችላት።

አስተማሪዋ ልትከለክል እጇን አነሳች፤ ከዚያ ተወችው። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ካርዱን አየችው። «ዳ...» አለች። «ቦ። ዳቦ!»

ቀጥሎ የልጄ ተራ ሆነ። ጓደኛዋ ውለታዋን ልትመልስ ከኋላዋ ሮጠች። ልጄ ካርዱን ገና ስታየው «ውሻ!» አለች፣ ማንም ሳይነካት። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞራ «አያስፈልገኝም፤ ግን ያዢኝ» አለቻት።

ቀሪዎቹን ካርዶች እንደዚያው ተያይዘው አነበቡ። አስተማሪዋ እየሳቀች «እሺ፣ የከርሞው ክፍል ላይም አንድ ወንበር» አለች። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ጆሮ ስደፍንባቸው የከረምኩትን ሁለት እጆቼን የማደርግበት ጠፍቶኝ አጨበጨብኩ።