ከግራ ጆሮዬ ኋላ ያለችው ዘለላ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ እናቴ ስንቄን ከመቋጠሯ በፊት ፀጉሬን ያዘች። አፍሮዬን ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ተማሪ የተባለ ሁሉ አፍሮ ነበር፤ የኔማ፣ እኔ ካላወራሁት ማን ያወራልኛል፣ በር የሚጠበው አፍሮ ነበር። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ታሰሩ። እኔንም ቀበሌ እያፈላለገኝ መሆኑ ሲሰማ እናቴ «ይሄ ጎፈሬሽ ወግዲ ሳትደርሺ ያስይዝሻል። የገበሬ ሚስት ሆነሽ ነው የምትሄጂው» አለችና ደጃፉ ላይ አስቀመጠችኝ።

ከብቶቻችን በድርቁ ካለቁ ወዲህ ቅቤ የሚባል ነገር ከቤታችን ርቆ ነበር። የት እንዳገኘችው እንጃ፣ ከጎረቤት ለምና ይሆናል፣ በስኒ ጥቂት ቅቤ ይዛ መጣች። ሹሩባውን እየጎነጎነች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ስትጨርስ ከግራ ጆሮዬ ኋላ አንዲት ዘለላ ሳትሠራት ተወቻት።

«እማዬ፣ ይቺን ረሳሻት» አልኋት።

«አልረሳኋትም። እሷን ስትመለሺ ነው የምሠራት። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ!»

አባቴ ከሞተ ወዲህ እሷ ከእኔ ሌላ፣ እኔም ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረንም። ወይዘሮ አስካለ ሲሏት አገሩ ያውቃታል፤ ሰው ፊት አታለቅስም። ያን ዕለትም አጥሩ ድረስ ሸኘችኝና «በይ ሂጂ፣ ቅቤው ሳይቀልጥ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከወግዲ ማዶ አንድ ኬላ ላይ መሣሪያ ያነገተ ጎረምሳ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ባሌ ዘንድ።»

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ያርሳል።»

ጣቶቼን አያቸው። እንኳን ጎልጉለው አረም ነክተው የሚያውቁ አይመስሉም። «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«እኔማ እሱን እጠብቃለሁ።»

ቀረብ ብሎ ሹሩባዬን አየ። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ አንገቴ ላይ ወርዷል። ፊቱን አኮማተረና «እለፊ፣ እለፊ፣ ከረፋሽኝ!» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

ዓባይን ዋናተኞች ነፋስ በተሞላ ስልቻ አሻገሩን። መሐል ላይ ስንደርስ ነጠላዬን ውሃው ነጠቀኝ። ጥለቱን እናቴ ራሷ መርጣ ያሠራችው ነጠላ ነበር፤ የመንደራችን ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቀዋል። ነፍሴን ይዤ ጎጃም ስወጣ ለነጠላ የሚሆን ሐዘን አልነበረኝም። ምን እንደሚያመጣብኝ ባውቅ ኖሮ ተመልሼ እዋኝለት ነበር። የተረፈውን መንገድ፣ መተማውን፣ ገዳሪፉን፣ የሄደበት ያውቀዋልና አልደግመውም።

ካርቱም እሳት ናት። እኛ አገር ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል እያልን እናማርር አልነበር? አሁን ያን ውርጭ በጆንያ ቢልኩልኝ እሸከመው ነበር። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የእንጀራ የአጎት ልጅ ነው፣ ግን ዓይን የለውም። ሰዉ ደግ ነው፣ አይካድም። ውሃ ሳያጠጣ ስም አይጠይቅም።

ደይም በሚባለው ሰፈር ከአንድ ቤት ወጥ ቤት ተቀጠርሁ። እዚያው ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ የእትዬ ዘሀራ ፀጉር ቤት ነበር። እትዬ ዘሀራ የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ በትዳር መጥተው ባላቸው ሲሞቱ እዚያው የቀሩ። ፀጉር ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከላይ ቆርቆሮ። የሱዳን ሙሽሮች ለሂና ይመጣሉ፣ እኛ ለሹሩባና ለወሬ።

መጀመሪያ የሄድሁ ቀን የእናቴ ሹሩባ ገና እራሴ ላይ ነበር። አቧራው፣ ላቡ፣ ቅማሉ፣ ምኑ ቅጡ! ሰው እንዲፈታው ግን አልፈለግሁም። እትዬ ዘሀራ አፍንጫቸውን ሳይዙ፣ ቀስ ብለው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

«አብሽሪ ልጄ። ማን ነው የሠራልሽ?»

«እናቴ ናት።»

«ወላሂ እጀ ብርቱ ናት። እንዲህ ጠብቆ እስከ ካርቱም የደረሰ ሹሩባ አይቼ አላውቅም።»

እየፈቱ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ሲደርሱ ነገሩን ነገርኋቸው። ዘለላዋን አጠቡ፣ አበጠሩ፣ ሲሠሩኝ ግን አለፏት። «የሰው አደራ አልነካም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለኝ እሳቸው ዘንድ ነኝ። ማንም ሳያስታውሳቸው ያቺን ዘለላ ይዘሏታል። አዲስ ደንበኛ «ይቺስ?» ስትል «ባለቤት አላት» ይሏታል። ከእናቴ ቤት ወዲህ ራሴን በሰው ጭን ላይ አስደግፌ እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ ብቻ ነው። እወዳቸዋለሁ፤ ምን አድበሰብሰዋለሁ።

አንድ ዓርብ ታዲያ ስሄድ እትዬ ዘሀራ ቀና ብለው አላዩኝም። «ዛሬ እጄን አሞኛል» አሉ። እሺ ብዬ ተመለስሁ። በሚቀጥለው ዓርብ «ሚዶዬ ተሰበረ» አሉኝ፤ ሚዶው ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጧል። በሦስተኛው ፀጉሬን ነካ አድርገው «ተይው፣ እንዲሁ ያምራል» ሲሉኝ ተቀየምሁ። ምን በደልሁ? አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከራሴ ጋር ስነታረክ ሰነበትሁ። አለማወቅ! አገሬ ብሆን ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። መርዶ የሚጠብቃትን ልጅ ማንም ሹሩባ አይሠራትም። ነገ በሐዘን የሚቆረጥን ፀጉር ዛሬ ማሳመር ነውር ነው።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው እትዬ ዘሀራ፣ የፀጉር ቤቱ ሴቶች፣ ከኋላቸው ከሳምንታት በፊት ከወሎ የመጣ ታደሰ የሚሉት ሰው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም እስኪናገር አልጠበቅሁም።

«እናቴ ናት?» አልኋቸው።

«እናትሽ ናት ልጄ» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ ይዘውኝ አብረን መሬት ወደቅን።

ታደሰ በመካነ ሰላም ሲያልፍ ከቤታችን ደጅ ድንኳን ተተክሎ አይቷል። «የማን ለቅሶ ነው?» ሲል «የወይዘሮ አስካለ ቤት ነው» ብለውታል። ራሱም ሸሽቶ የወጣ ሰው ነውና ቆሞ ሊጠይቅ አልቻለም። ከእናቴ ሌላ በዚያ ቤት ማን ሊሞት ይችላል? ፀጉሬን ያን ዕለት በመቀስ ቆረጥሁት። ያቺንም ዘለላ።

ጩኸታችን ሰፈሩን ሲያናጋው የተቀጠርሁበት ቤት ባለቤት፣ ሐጂው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው መጡ።

«ማን ሞተ?»

«እናቴ» አልኋቸው።

«አላህ ይማራት። መቼ?»

«ወራት ሆኗታል።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አስጮኻችሁ?»

እትዬ ዘሀራ ዛሬ ነው የሰማችው፣ እኛ ዘንድ መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው ብለው ሲያስረዷቸው ሐጂው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግን ሄደው አንድ ሳህን ተምር ይዘው መጡና ከኛ ጋር ተቀመጡ።

ዓመቱ ሲቃረብ ለሙት ዓመቷ ቄስ ላናግር አሰብሁ። ግን ያረፈችበትን ቀን አላውቅም። የእትዬ ዘሀራ ወንድም ሰይድ ወረኢሉ የከብት ነጋዴ ነው፤ አልፎ አልፎ በስልክ ይገናኛሉ። «ለገበያ መካነ ሰላም ስትወርድ የወይዘሮ አስካለን ሙት ዓመት ጠይቅልኝ» አሉት። ሰይድ ሄደ። ደጁን አንኳኳ። አንዲት ፀጉሯን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከፈተችለት።

«የወይዘሮ አስካለ ሙት ዓመት መቼ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር» አላት።

«የልጄን ማለትህ ነው?» አለችው። «በሚመጣው ወር ነው፤ ጠላው እየተጠመቀ ነው። አስካለ እኔ ነኝ።»

ነጠላዬ! ዓባይ ወስዶ ወስዶ ዳር ጥሎት፣ ከዚያ ያገሬ ሰው አግኝቶት፣ ለእናቴ «ልጅሽን ውሃ በላት» ብሎ ይዞላት ገብቷል። ያ ድንኳን የኔ ነበር። እሷ ለእኔ ተላጭታ፣ እኔ ለእሷ ቆርጬ፣ ዓመት ሙሉ ስንላቀስ ከርመናል።

ሰይድ እናቴን ወረኢሉ ስልክ ቤት ይዟት መጣ። እኔና እትዬ ዘሀራ ደግሞ ካርቱም ቡስጣ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ገባን። ወረኢሉ ላይ ስልከኛው ሁሉን ይሰማልና ስም እንዳይነሳ ተነግሮናል፤ ስሜ ገና ይፈለጋል። መስመሩ ተንጫጫ፣ ከዚያ ድምጿ መጣ።

«ሃሎ። ስምሽን አልጠይቅሽም። መሄጃሽ ላይ የቱን ነው ያልሠራሁልሽ?»

«ከግራ ጆሮዬ ኋላ ያለችውን።»

የስልከኛው ድምፅ ተሰማኝ፤ «እማማ፣ ጊዜው እየሄደ ነው፣ ይናገሩ እንጂ!» ይላታል።

«ዝም በል አንተ፣ እያለቀስሁ ነው!» አለችው፤ ሰው ፊት የማታለቅሰው እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «ቆረጥሽው?»

«ቆረጥሁት። አንቺስ?»

«እኔማ ተላጭቻለሁ። ዘለላዋንም ቆረጥሻት?»

«እሷንም።»

«ሞኝ! በይ አሳድጊያት» አለችኝ፣ ሳቋ ከለቅሶዋ ጋር ተቀላቅሎ። መስመሩ ተቋረጠ።

ያን ቀን ፀጉር ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሐጂው እንደገና ጀለቢያቸውን ሰብስበው መጡ። «ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እናቴ በሕይወት አለች!»

«እናንተ ሐበሾች» አሉ ሐጂው፣ «ለሞተው ከወራት በኋላ ታለቅሱለታላችሁ፣ ያለቀሳችሁለትን ደግሞ በስልክ ታነጋግሩታላችሁ። ተምሬን መልሱልኝ!» ይህን ብለው ሌላ ሳህን አስመጡ።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ወሎ ዳግመኛ ደርቋል፤ በየሳምንቱ ካገሬ የሚመጣውን ሰው ፊት እያየሁ ወሬ እጠይቃለሁ። መመለስ እንዳልል ስሜ ዛሬም እንደተጻፈ ነው፤ ነይ እንዳልላት ያን በረሃ በእርጅና ጉልበት ማን ያልፈዋል? ዓርብ ሲመጣ እትዬ ዘሀራ ዘንድ እቀመጣለሁ። እጃቸው ከግራ ጆሮዬ ኋላ ሲደርስ አሁንም ያልፋል።

ባለፈው ስልክ ድምጿ ቀጥኖብኛል። እህል እንዴት ነው ስላት «አብሽሪ፣ ተይው እሱን» አለችና ወደ ነገሯ ገባች።

«ፀጉርሽ አደገ?»

«አደገ እማዬ። ትከሻዬን አልፏል።»

«እንግዲያ ቶሎ ነይ» አለችኝ። «ጣቶቼ እንቢ እያሉኝ ነው።»