የታመመው እግር ሲወድቅ

አሥራ አንድ ካሴት ሙሉ የተናገርኩትን ወስዶ መጽሐፍ አደረገውና ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። የተደረገብኝ ይህ ነው። አላሳመርኩትም፣ አላጋነንኩትም።

መጽሐፉ ስለ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነው። ጥቁር አሜሪካኖች ከየት እንዳመጡት፣ እንዴት እየተለዋወጠ እዚህ እንደደረሰ ይናገራል። በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይተን አናውቅም ይላሉ ሰዎች። እኔ ያን ጊዜ ምንም ዓይነት መጽሐፍ አላውቅም ነበር። እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ድረስ ከፊርማዬ በቀር ፊደል የሚባል ነገር አልለይም ነበር። ሰውየው ይህን ያውቃል። የተማመነውም በዚሁ ነው።

ካሴቶቹ እንዴት እንደተሞሉ ልናገር።

ኦክላንድ መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የጠዋት ሺፍት። አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ቤዝ ጊታር ተጫዋች። ወላጆቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ የሚሠራበት ፋብሪካ ሊቀጠሩ ከሉዊዚያና በባቡር የመጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፣ እዚህም እላቸዋለሁ። ካሴቴን የወሰደውን ሰው አልለውም። ዓለሙ ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ ይበቃዋል።

የጠዋቱ ግርግር ካለፈ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ መኪና እምብዛም አይገባም። ሽማግሌው የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ ይጎትቱና ያወራሉ።

«ከበሮ ከለከሉን» አሉኝ አንድ ቀን፣ ትናንት የተደረገ ይመስል። «ባሪያ ከበሮ ከመታ ከእርሻ እርሻ ይጠራራል ብለው ፈሩ። ምን ቀረን? እግርና መዳፍ። እሱን ቆርጠው ካልጣሉ በቀር ማን ይከለክላል?»

በዚያ እግርና መዳፍ ጥጥ ሲለቅሙ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ያንኑ ለእግዚአብሔር ይሉታል፤ ቅዳሜ ያንኑ ለሴት ብለውት ነበር። ከዚያ ሥራ ፍለጋ በባቡር ወደ ከተማ ፈለሱ። ከተማ ጫጫታ ነው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጊታሩ አልሰማ ሲል ኤሌክትሪክ ሰኩበት፤ ሳክስፎኑ እንደ ተጣላ ሰው ይጮህ ጀመር። ዌስት ኦክላንድ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ከመርከብ ሥራ የወጣ ሰው ከነቱታው ገብቶ ይደንስ ነበር አሉኝ።

«ስሙንስ ማን አወጣው?» አልኳቸው።

«እኛማ አይደለንም። ሪከርድ ሻጮቹ መጀመሪያ የዘር ሙዚቃ ነበር የሚሉት፤ ለጥቁር የሚሸጥ ማለት ነው። ኋላ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ አንድ መጽሔት ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ሪትም ኤንድ ብሉዝ አሉት። እኛ ስንጫወት እነሱ ስም ያወጣሉ።»

እሳቸው ቤዝ የተጫወቱበት አንድ ሸክላ ነበር። ልባሱ ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ የአሳታሚው ስም አለ፣ የሳቸው የለም። ነጭ ልጆች ደግመው ሲዘፍኑት ቤዙን ከነነፍሱ ወሰዱት፣ የነሱ ከፊተኛው ይበልጥ ተሰማ። ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። እሳቸው ይስቃሉ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ሰው በኔ ጣት ሲደንስ አየሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ፣ ልክሰስ?»

እኔ እሳቸው አይደለሁም።

ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እልና የነገሩኝን ሁሉ በአማርኛ፣ በራሴ አነጋገር፣ ቴፕ ላይ እናገራለሁ። የተማረ ሰው ደብተር አለው፤ እኔ ያለኝ አፌና ያ ቴፕ ነበሩ። እንዳይምታቱብኝ የካሴቶቹን ጠርዝ በምላጭ እየፋቅሁ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት እያልኩ አሥራ አንድ አደረስኳቸው።

ሁሉንም ነገር የወሰነው ግን አንድ እሑድ ነው። ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱኝ። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። እኔ እንደለመድኩት፣ ምቱ ከአንድ እስከ አራት ሲቆጠር፣ አንድ ሲል ጠብቄ አጨበጨብኩ። ለካ እነሱ አንድን ያሳልፋሉ፤ መዳፋቸው የሚገጥመው ሁለት ላይ፣ ከዚያ አራት ላይ ነው። የኔ ብቻዋን ጯ አለች። ፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሁለትና አራት» አሉኝ ሽማግሌው በጆሮዬ።

ብቆጥር ብቆጥር እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ እግሬን አዩት። ግራ እግሬን ሱዳን ላይ ጭነት መኪና ሄዶበታል፤ ስራመድ ቀኙ ይቀድማል፣ ግራው እየተጎተተ መጥቶ ዱብ ይላል።

«መቁጠሩን ተወው» አሉኝ። «እዚያው ቆመህ ተራመድ። የታመመው እግርህ ሲወድቅ አጨብጭብ።»

ተራመድኩ። ቀኝ፣ ዱብ። ቀኝ፣ ዱብ። መዳፌ ከሕዝቡ ጋር ገጠመ። ወይዘሮዋ እንደገና ዞረው «አሁን ገና መጣህ!» አሉኝና ሳቁ። ያን ቀን ነገን ሳልጠብቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ቃሉን እንዳለ ቀዳሁት። ሰባት ጭረት ያለው ካሴት ነው።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያው ሰሞን ሰውየው መጣ። ሳን ሆዜ ውስጥ የአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም አለው፣ የተማረ ነው፣ ሰው ሁሉ መምህር ይለዋል። ካሴት እንዳለኝ ከጓደኛዬ ሰምቶ እስከ ቤቴ ድረስ ነዳ።

«ለፕሮግራሜ ኮፒ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ድምፅህ አየር ላይ ይውላል» አለኝ።

ሰጠሁት። አየር ላይ ግን አልዋለም። ስደውልለት ዛሬ ነገ ይላል፤ በመጨረሻ «ቤት ስቀይር ጠፉብኝ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ። አመንኩት። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃ ይጠፋበታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኦክላንድ አንድ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ልገዛ ቆሜአለሁ። ባለሱቋ መጽሐፍ ይዛ «ይቺን ስማኝማ፣ እንዴት እንደምታምር» አለችና ጮክ ብላ አነበበች፦ «መቁጠሩን ተወው። የታመመው እግርህ ሲወድቅ አጨብጭብ።»

በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ተውኩት። የራሴን አፍ ሰው አፍ ውስጥ ሰማሁት። መጽሐፉን ገዝቼ ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ ገልጬ አየሁት። ጉንዳን ነው። ገጹ ሙሉ ጉንዳን።

ደወልኩለት። አልካደም፣ አላመነም። የተናገረው ከዚያ የባሰ ነው።

«አንተ ማንበብ አትችልም። መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ በምን አወቅህ?»

ትምህርት ቤት ያስገባኝ ይህ ንግግር ነው። የእውቀት ጥማት የሚሉት ነገር አልነበረብኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍል ሄድኩ። አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት፣ ትሕትናዋ የሚያስፈራ።

«ጋሼ፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?»

«ራሴን ነው።»

«ጎሽ! መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው አይደል?»

«አይደለም። የሌባ መጽሐፍ ለማንበብ ነው።»

ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ጉልበቴ ከማይገባበት ጠረጴዛ ሥር ታጥፌ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተማርኩ። ከዚያ መጽሐፉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ አራት ወር ፈጀብኝ። ካሴት አንድ ምዕራፍ አንድ ነው። ካሴት ሁለት ምዕራፍ ሁለት። አንዳንድ ቦታ ቃሌን አሳምሮልኛል። «አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ ለእኔ እንዳጫወቱኝ» ይላል። ለእሱ! ሽማግሌውን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። አንድ ነገር ግን ሳያስተካክል አለፈ። ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ተቀምጣለች። ስላማረችው ተዋት እንጂ ምን ማለት እንደሆነች አልገባውም። እሱ ሁለት ደህና እግር አለው።

መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ካምቤል አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምረቃ ተጠራ። ከልጄ ጋር ሄድኩ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መንገድ ላይ የነሱን ዘመን ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ አር ኤንድ ቢ የሚሉትን፣ ከፍታ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ከበሮ መቺ የሌለው፣ ኮምፒውተር የሚመታው። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ የመጨረሻዎቹ ካሴቶች ላይ ያስቀዱኝ ይህንኑ ነው፤ መዝሙሩን ወስደው እግዚአብሔር የሚለውን ፍቅሬ ብለው ሶል አሉት፣ ከዚያ ቤዙን ወደ ፊት አምጥተው ክብደቱን አንደኛው ምት ላይ ጣሉና ፈንክ አሉት፣ ከዚያ ማሽን መጣ። «ጭብጨባው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም» ብለውኛል። ልጄን ጠየቅኋት። መሪውን በጣቷ ሁለት ላይ፣ አራት ላይ እየመታች «ያው ነው፣ ዳዲ» አለችኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ተናጋሪ በተናጋሪ ላይ አመሰገነው። ጥያቄ ያለው ሲባል በሩ አጠገብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ገጽ አርባ ሦስትን አንብብልን።»

አንተ ማለቴ አዳራሹን ቆረጠው። እሱ አወቀኝ፤ ፈገግ ብሎ አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።

«የታመመው እግርህ የትኛው ነው?» አልኩት።

«ይቅርታ?»

«ለአንተ ነው የነገሩህ ብለሃል። የታመመው እግርህ ሲወድቅ አጨብጭብ አሉህ። የትኛው ነው፣ ቀኙ ነው ግራው?»

«እሱ እንግዲህ... ምሳሌያዊ አነጋገር ነው።»

«ምሳሌ አይደለም። እግር ነው።»

ልጄ በስልኳ ዘፈን ለቀቀች፤ ለጠያቂ የሚዞረው ማይክራፎን አጠገብ ይዛዋለች። ከአዳራሹ በር ጀምሬ በመሀል መንገዱ ወደ እሱ ተራመድኩ። ቀኝ፣ ዱብ። ቀኝ፣ ዱብ። በዱቡ አጨበጨብኩ። ሦስተኛው ረድፍ ስደርስ አንዲት እናት ገባቸውና አብረውኝ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወጣቶቹ፣ ከዚያ ሁሉም።

«መምህር፣ እርስዎም እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ክፋት አልነበረበትም።

አጨበጨበ። ከሁላችን ቀድሞ አንድ ሲል ገባ። አቋርጦ ሞከረ፣ ሦስት ሲል ገባ። መጀመሪያ የሳቀችው የቅዳሜ አስተማሪዬ ናት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ አልቻለችም። አዳራሹ ፈነዳ። ስለዚህ ሙዚቃ ሦስት መቶ ገጽ ጻፍኩ የሚል ሰው መዳፉን አየር ላይ ይዞ ቀረ። ያን መልክ እስክሞት አልረሳውም። ሲከፋኝ አውጥቼ አየዋለሁ።

በሳምንቱ ሰውየው አስታራቂ ሽማግሌ ላከብኝ። አላሜዳ ከአንደኛው ሽማግሌ ቤት ተሰበሰብን።

«ልጄ፣ በአደባባይ አዋርደኸዋል። አይበቃህም?» አሉኝ ትልቁ።

«አይበቃኝም፣ አባባ።»

«እግዜርን ፍራ እንጂ!»

«ካሴቱን ሲወስድ እሱ ይፍራ ነበር።»

ሰውየው መሬት መሬት እያየ «ምስጋና ገጹ ላይ ስሙን አስገባለታለሁ» አለ።

«ለምን ሥራህ ነው የምታመሰግነኝ?» አልኩት። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ዋጡት።

ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንዱ ካሴቶቼ ናቸው። ቤት ሲቀይር የጠፉት ካሴቶች በማግስቱ በጫማ ካርቶን መጡ፣ ጭረታቸው ሳይቀር። ሁለተኛው፣ በራሱ ሬዲዮ፣ በራሱ ሰዓት፣ እኔ በእጄ የጻፍኩለትን አንድ ገጽ እንዲያነብ ነው፤ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ። ያን ገጽ አራት ቀን ጻፍኩት። ስድስት ወረቀት ቀደድኩ። የቤዝ ተጫዋቹን ሽማግሌ ስም ከነአባታቸው፣ የኔን ከነአባቴ አስገባሁበት። እዚህ የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ እዚያ በሚገባው ሰው አፍ ተነቧል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ከዚህ መጽሐፍ እኔ የጻፍኩት ሽፋኑን ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

መኪና ውስጥ ሆነን ከልጄ ጋር ሰማነው። እጅ ጽሑፌ አስቸገረው፤ አንድ ቃል ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብሎ ደገመው። ሽፋኑን ብቻ የሚለው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ።

ይቅር አላልኩትም፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ነገሩ ግን አልቋል። ያለቀው ገጹ በሬዲዮ የተነበበ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።