ፈታኞቼን ይዤ ጎርፍ ወረድኩ

የኢኮኖሚና የድርጅት ሶሲዮሎጂ ዶክትሬት እማራለሁ ስል ቆቦ ውስጥ የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው። የማይስቁት ደግሞ የየትኛው ድርጅት ብለው ይጠይቁኛል። የጎርፍ ድርጅት እላለሁ። ያን ጊዜ እነሱም ይስቃሉ።

እውነቴን ነው። ሜዳችን ላይ በቂ ዝናብ ስለማይጥል የምንበላው ሰው አገር በዘነበው ነው። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ፣ በጭራሮና በአፈር ጠልፈን ወደ ማሽላችን እናስገባለን። ይህን የሚመራ ቢሮ የለም፣ ማኅተም የለም፤ አንድ የውሃ አባት አሉ፣ በቃ። ጎርፍ መጣ ሲባል መሬት ያለው ቤት ሁሉ አንድ ሰው አካፋ አስይዞ ይልካል። ቤቱ ሞት ወይም ምጥ ካልገባ በቀር መቅረት የለም። የቀረ ሰው የማሳው መግቢያ ይዘጋና ውሃው እያየው ያልፈዋል። ሰው ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ፖሊስ እንዴት እንዲህ እንደሚታዘዝ ነው የማጠናው። ሳስበው ዛሬም ደስታው አላስቀምጥ ይለኛል።

ፈታኞቼን ግን ደስ አላላቸውም። የጥናት ሐሳቤን መጀመሪያ ሳቀርብ ከሦስቱ አንዷ፣ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥናት የፈጁት ፕሮፌሰር፣ ይህ ጎረቤት ለጎረቤት መረዳዳት እንጂ ድርጅት አይደለም ብለው መለሱብኝ። በሁለተኛው ካላሳመንኳቸው ርዕሱን ትቼ ስለ ባንክ ቅርንጫፎች እንድጽፍ ተወሰነ። የባንክ ቅርንጫፍ! እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሐምሌ ላይ ዋለ። የአባቴ ጉልበት እምቢ ካለው ወዲህ የጎርፉ ተራ የኔ ስለሆነ ከቆቦ መራቅ አልቻልኩም፤ እቤቴ ሆኜ በስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያየን እንዲፈትኑኝ ለምኜ ፈቀዱልኝ። ከፈተናው በፊት ወደ ውሃ አባታችን ሄጄ፣ ጎርፉ ከፈተናዬ ጋር ቢገጥምብኝ እንዲያልፉኝ ጠየቅኳቸው። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ምጥ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ሞት ነው? እሱም አይደለም።

“እንግዲያ አላህ አያጋጥመው፣ ልጄዋ” ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ከዱዓው በቀር ያገኘሁት ነገር የለም።

በቀኑ ከላይ ኮትና ከረባት ለብሼ፣ ከታች ሽርጤን አሸርጬ ተቀመጥኩ። ስልኩ የሚያየው እስከ ደረቴ ነው፤ የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይፈርድብኝም። ነገሩ ሁሉ ሰምሮልኝ ወደ ማለቂያው ላይ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ “እስቲ አንድ ሰው ከጎርፉ የሚበልጥበት ጉዳይ ቢገጥመውስ? ያኔ ማን ያስገድደዋል?” አሉኝ።

መልሴን ስጀምር ጎርፍ መጣ የሚለው ጩኸት ተሰማ። ከማሳ ማሳ እየተቀባበሉ ነው የሚጠራሩት። አባቴ አካፋውን በመስኮት አቀበለኝ። አካፋውን አየሁ፣ ፈታኞቼን አየሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ይቅርታ፣ እየሄድኩ እመልሳለሁ ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ተፈተለክሁ።

የዚያን ቀን ሩጫዬን ላየ ሰው ጉድ ነበር። ከረባቴ ወደ ጀርባዬ ዞሯል፤ በአንድ እጄ አካፋ፣ በሌላው ሦስት ፈታኞች ይዣለሁ። እያለከለክሁ ስለ ቅጣትና ስለ አመራር አብራራለሁ። አብረውኝ የሚሮጡት ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው እንዴት ዋላችሁ ይሏቸዋል፤ ፈታኞቼም እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ሳቄ ሊያፍነኝ ደረሰ።

ጎርፉን ከምንጠልፍበት ቦይ አፍ ስንደርስ ጎርፉ ቀልቶ እያጓራ ይወርዳል። ሁሉንም እንዲያዩልኝ ስልኩን ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስደግፌ አቆምኩት። ይሄኔ የውሃ አባታችን መጥተው እነዚህ እነማን ናቸው አሉኝ። ፈታኞቼ ናቸው፣ ነገሬ ሁሉ በእነሱ እጅ ነው ብዬ ተለማመጥኳቸው።

“አካፋ ይዘዋል?”

“አልያዙም፣ አባባ።”

“እንግዲያ ይውጡልን። ጎርፍ ላይ ቆሞ ማየት የለም።”

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ በጥናት ሐሳቤ ውስጥ ያሰፈርኩት እኔው ነኝ። ፕሮፌሰሯ ከስልኩ ውስጥ ቆይ፣ ጥቂት ብቻ ሲሉ ሰማኋቸው። የለፋሁበት ሁሉ ጥቂት በምትለው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘጋሁባቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ ጭኔ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። እንዳለቀልኝ ገብቶኛል፤ ግን አፈር እየዛቅሁ እንደ እብድ እስቃለሁ። ጎረቤቶቼ ከረባቴን እያዩ ሙሽራው፣ ሙሽራው ይሉኛል። ውሃው ታጥፎ ወደ ማሽላችን ሲገባማ ዘለልኩ። የባንክ ቅርንጫፍም ይሁን፣ የመጣው ይምጣ አልኩ።

በማግስቱ ፕሮፌሰሯ ደወሉ። ድምፃቸው ኮስተር ብሏል። በማስተማር ዘመናቸው ስልክ የዘጋባቸው ተማሪ እንደሌለ ነገሩኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ።

“ማን ያስገድደዋል ብዬህ አልነበር? ይኸው አንተን ከፈተናህ አስነሱህ፣ እኔንም አስወጡኝ። ሐሳብህን ተቀብለነዋል፣ ቀጥል።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ “በሚመጣው ክረምት አካፋ ይዤ ብመጣ ያስገቡኛል?”

እሱን እንኳ የውሃ አባታችንን ልጠይቅልዎ አልኳቸው። ስልኩ እንደተዘጋ ግቢያችን መሃል፣ አባቴ እያየኝ፣ ሽርጤ እስኪፈታ ጨፈርኩ።